ለቤት ካሜራ የጠየቃችሁኝ የወሎ ልጆች፣ ጥቆማዬ ይኸውላችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ስለ ቤት ካሜራ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። አንዱ ደሴ ቤት ሠርቷል፣ አንዷ ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍታለች፣ ሌላዋ ደግሞ ዐረብ አገር ሆና የእናቷን ግቢ ማየት ትፈልጋለች። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «የቱን ልግዛ?» ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

ሻጭ ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ስለ ምስሉ ጥራት ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። መብራት ሲሄድ ይቀርጻል ወይ? ኔትወርክ ሲጠፋስ ቀረጻው የት ይቀመጣል? እኛ ጋ የካሜራ ደህናው የሚለየው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ቀረጻውን ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ እንዲህ ባለ ጊዜ ለባለቤቱ ምንም አይዝለትም። ሜሞሪ ወይም ሃርድ ዲስክ ያለው ግን ኔትወርክ ኖረም አልኖረም መቅረጹን አያቆምም። ስለዚህ ቀረጻው መጀመሪያ እቤታችሁ ይቀመጥ። በስልክ ማየቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የራሳችሁ ቤት ከሆነ ባለ ገመዱን ውሰዱ። አራት ካሜራና አንድ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል ተቀብሎ ዲስክ ላይ የሚቀርጸው ሳጥን) ለአንድ መደበኛ ግቢ ይበቃል። «ሂክቪዥን ይሻላል ዳሁዋ?» ለምትሉ፣ ሁለቱም የቻይና ካሜራ አምራቾች ናቸው፤ በተመሳሳይ ደረጃ ያሉትን ጎን ለጎን ብታዩ በምስል ብዙ አይበላለጡም። ሂክቪዥን በሂክ ኮኔክት፣ ዳሁዋ በዲኤምኤስኤስ መተግበሪያ ስልክ ላይ ይታያሉ። እኔ ብሆን ሰፈሬ ያለው ባለሙያ እጁ የለመደውን እመርጣለሁ። ሲበላሽ የሚመጣው እሱ ነዋ።

ዲስኩ ላይ አትሰስቱ። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን 21 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ይወስዳል። አራቱ ሲደመሩ 86 ይሆናሉ። 1 ቴራባይት ዲስክ እንግዲህ በ11 ቀን ገደማ ይሞላና የቆየውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄዶ ሁለት ሳምንት ለሚቆይ ሰው ይህ አይበቃም። ዲቪአሩ ኤች 265 የሚባለውን አጨማመቅ የሚችል ከሆነ እሱን አስመርጡ፤ ቀረጻው የሚወስደው ቦታ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዲስኩ ደግሞ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም የሲጌት ስካይሆክ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲስክ አስገብቶ የሚሸጥ አለ፣ ከፍታችሁ እዩ።

መብራቱን በተመለከተ፣ አራት ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር አንድ ላይ ከ40 እስከ 50 ዋት ይፈጃሉ። አንድ ትንሽ ባትሪ ብቻ ያለው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ይህን ጭነት አንድ ሰዓት አካባቢ ቢይዝ ነው። ማታ ሄዶ ጠዋት ለሚመጣ መብራት አይሆንም። አቅም ያለው ሰው ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሶላር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ያድርግበት፤ ሌሊቱን ያድራል። አቅም ከሌለ ግን ከአራት ካሜራ ይልቅ ሁለት ካሜራ ከደህና ባትሪ ጋር ይሻላል እላለሁ። መብራት በጠፋ ሰዓት የሚያይ አንድ ካሜራ፣ በዚያ ሰዓት ከማያዩ አራት ካሜራዎች ይበልጣል።

ገና ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ በቱቦ አስቀብሩ። ኃይሉን በኔትወርክ ገመድ የሚቀበል (ፒኦኢ የሚባለው) የአይፒ ካሜራ በዚያው አንድ ገመድ ምስሉንም ኃይሉንም ያስተላልፋል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ። ካሜራውን ዛሬ ባትገዙ እንኳ ገመዱ ይጠብቃችኋል።

ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ መብሳት የለባችሁም። ሜሞሪ የሚቀበል የዋይፋይ ካሜራ ይበቃችኋል። ታፖ፣ ኢዝቪዝና ኢሙ ደህና ናቸው። ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን፣ ኢሙ ደግሞ ከዳሁዋ ቤት የወጡ ናቸው። በቪ380 መተግበሪያ የሚሠሩት ርካሽ ካሜራዎች በየሱቁ ሞልተዋል፤ አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ በወሩ ይሞታል። ያው መተግበሪያ ስለሆነ ያው ዕቃ ይመስላል እንጂ የተለያየ አምራች ነው የሚሠራቸው። እኔ ለቤቴ አልገዛውም። በተለይ አምፖል ቦታ ላይ የሚጠመዘዘውን አልመክርም። ልጅም ይሁን እንግዳ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲጫን ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። ሌባውም እጁን መስደድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሜሞሪ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ላዩ 256 ተብሎ ውስጡ ከ32 የማያልፍ ሞልቷል። ካሜራው ላይ ከመክተታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ በትልልቅ ቪዲዮ ሙሉት፣ ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ካልከፈተ መልሱለት። ደህና ከሆነ ካሜራው ውስጥ አድርጋችሁ በካሜራው መተግበሪያ ፎርማት አድርጉት።

ሐይቅ ዳር መሬት ያላት እህቴ ስለ ባለ ሲሙ የሶላር ካሜራ ጠይቃኛለች። መብራትም ዋይፋይም ለሌለበት አማራጩ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር እወቂ። አብዛኞቹ ባትሪ ለመቆጠብ ተኝተው ነው የሚውሉት፤ የሚነቁት እንቅስቃሴ ሲኖር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የገባው ሰው ፊት ሊያመልጥሽ ይችላል። በክረምት ደመና ሲሰነብት ባትሪውም ይደክማል። ዳታውንም አስቢ፤ በዝቅተኛ ጥራት በቀጥታ ስታይ በሰዓት 230 ሜጋባይት ገደማ፣ ጥራቱን ስትጨምሪ 450 ገደማ ይሄዳል። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ይሁን የሳፋሪኮም ከመወሰንሽ በፊት ስልክሽን ይዘሽ ካሜራው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆመሽ ሞክሪው። መንገድ ላይ አራት መስመር ያሳየሽ ኔትወርክ ጓሮው ውስጥ ላይኖር ይችላል።

ከአሜሪካ ሪንግ ካሜራ ሊልኩላችሁ ያሰቡ ዘመዶች ካሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሪንግ ወርሃዊ ክፍያ ካልተከፈለ ቀጥታ ያሳያል እንጂ ቀረጻ አያስቀምጥም። ባይሆን ሜሞሪ የሚቀበል ሌላ ይላኩ፤ አዳፕተሩም 240 ቮልት የሚችል መሆኑን ጀርባውን ያንብቡ።

አሁን ወደ ብልሽቱ። በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ «ቀን ይሠራል፣ ማታ ይጠፋል» የሚል ነው። ደሴ ሆጤ ሰፈር አንድ ጎረቤታችን ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የበሩ ካሜራ ከመሸ በኋላ እየጠፋ ይበራል። ካሜራው ሞቷል ተባለና ሊቀየር ነበር። አንድ ወጣት ባለሙያ መለኪያውን ይዞ መጣ። መነሻው ላይ ለካ፣ 12 ቮልት። መሰላል ላይ ወጥቶ ካሜራው ጫፍ ላይ ለካ፣ ከ11 ትንሽ ከፍ ያለ። ከዚያ የካሜራውን ዓይን በእጁ ሸፈነው። ካሜራው የመሸ መስሎት ቀያዮቹ የማታ መብራቶች ቦግ አሉ፣ ቁጥሩም ወዲያው ከ9 በታች ወረደ። ነገሩ ይኸው ነበር። የማታው መብራት ሲበራ ካሜራው ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቀጭኑና ረጅሙ ገመድ ያንን ማድረስ አይችልም። ገመዱ ሲቀየር ካሜራው ዳነ።

ገመድ ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለአጭር ርቀት ይሠራል፣ ከቤት እስከ ግቢ በር ግን ያንን ችግር ያመጣባችኋል።

ማታ ምስሉ ወተት የመሰለ ነጭ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መስታወቱን እዩ። ሸረሪት የማታውን ብርሃን ተከትሎ የሚመጣ ነፍሳት ስለሚያገኝ ድሩን እዚያው ላይ ያደራል። ያ ድር ብርሃኑን ወደ ካሜራው ይመልሰዋል። በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ነጭ ግድግዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ በጣም ቀርቦትም ከሆነ እንዲሁ ያደርጋል። የደሴ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የካሜራው ብርሃን ጉሙ ላይ ነጥሮ ይመለስና ምንም አይታይም። ሜጋፒክስል መጨመር ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የካሜራውን መብራት አጥፍታችሁ ተራ አምፖል ከካሜራው ራቅ አድርጋችሁ በጎን በኩል ስቀሉ። ለውጡን ታዩታላችሁ። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ስለሆነች ይህ ብዙም አያሳስባችሁም፤ እናንተ አቧራውን ጥረጉ።

የዋይፋይ ካሜራ አልገናኝ ካለ፣ ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተራችሁ ሁለት ስም ካለው 5 የሚለውን ትታችሁ ሌላውን ያዙ። እስኪገናኝ የስልኩን ዳታ አጥፉ፣ ሎኬሽን ክፈቱ። ከተገናኘ በኋላ እየተቆራረጠ ካስቸገረ መሃል ላይ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም የድንጋይ ግንብ መኖሩን እዩ፤ ቆርቆሮ ሲግናሉን አያሳልፍም።

ዲቪአሩ ጢጥ ጢጥ ካለ ድምፁን ብቻ አጥፍታችሁ አትተኙ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልታወቀም ወይም እየሞተ ነው ማለት ነው። ምስሉ ቀጥታ ስለሚታይ ደህና ይመስላል፣ ቀረጻ ግን የለም። በሳምንት አንዴ የትናንትን ቀረጻ ከፍታችሁ እዩ።

ሰዓቱም አንድ ጉዳይ ነው። ዕቃው አንዳንዴ በቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶ ይመጣል፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ጂኤምቲ 3 ላይ አስተካክሉት። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለውን እሱ 20 ሰዓት ይለዋል፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ነገር ተፈጥሮ ቀረጻውን ለፖሊስ ስትሰጡ ሁለቱንም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፣ አለበለዚያ የተሳሳተ ሰዓት ሲፈተሽ ይዋላል።

ነጎድጓድ በሚበዛበት በሐምሌና ነሐሴ ውጭ የተዘረጋ ረጅም ገመድ አቅራቢያው የወደቀ መብረቅን ኃይል ይዞ ዲቪአሩን ሊያቃጥል ይችላል። ግራውንድ ያስገቡላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ለሚወረወረው ኃይልም መከላከያ ያለው ዲቫይደር ይኑራችሁ።

ከአዲስ አበባ መርካቶ ማስመጣት ወይስ እዚሁ መግዛት? መርካቶ ምርጫው ይሰፋል። ዲቪአሩ ከተበላሸ ግን 400 ኪሎ ሜትር አሳፍራችሁ ነው የምትመልሱት። የዋጋው ልዩነት የጎላ ካልሆነ እዚሁ ደረሰኝና ዋስትና በወረቀት ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ። ዋጋ ስትጠይቁ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገዛውን መነሻ አታድርጉ፣ አይሆንም። ያገለገለ ስትገዙ የቀድሞው ባለቤት ከራሱ አካውንት ዕቃውን ማውጣቱን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፤ ካላወጣው በእናንተ ስልክ አይገባም።

ገጣሚውን ሥራ ሳይጀምር ጠይቁት። ዋጋው ገመዱን፣ ቱቦውን፣ ዲስኩን ይጨምራል ወይ? በስንት ቀን ውስጥ ተጠርቶ ይመጣል? ሲጨርስ ዋናውን የይለፍ ቃል እናንተው ራሳችሁ ቀይሩት፣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጡት። ጂዳ ወይም ሪያድ ላለችው እህታችሁ በመተግበሪያው በኩል ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ስጧት፤ ዋናውን ቃል ለማንም አታጋሩ። ሶፍትዌሩንም አሳድሱ። በ2021 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በብዙ የሂክቪዥን ዕቃዎች ላይ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶ ማስተካከያ ወጥቶለት ነበር፤ ያላደሰ ሰው ግን ዛሬም ክፍት ነው።

አሰቃቀሉን በአጭሩ፦ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ግቢውን በሙሉ ያሳያል፣ ከ4 ሜትር በላይ ያለን እንግዳ ሰው ፊት ግን ለመለየት ይቸገራል። ለበሩ ባለ 4 ወይም ባለ 6 አድርጉ። የጎረቤት ጓሮና መስኮት ውስጥ እንዳይገባ አዙሩት፣ ዲቪአሩ ላይ ያንን ቦታ በጥቁር መሸፈንም ይቻላል። ከመስቀላችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ። ቡና ጠርታችሁ ስልኩ ላይ የሚታየውን ብታሳዩዋቸው ደግሞ ሸጋ ነው።

ወልድያ፣ መርሳና ላሊበላ ያላችሁ፣ ተጠርቶ በቀጠሮው ቀን የሚመጣ፣ ገመዱን በንጹሕ መዳብ የሚሠራ ገጣሚ የምታውቁ ከሆነ ጠቁሙን። ከዚያ አካባቢ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ የምልካቸው ሰው ግን የለኝም።