አሮጌ ሃይብሪድ ብስክሌት አድሶ በሐረጎ መንገድ መንዳት ያዋጣል?

ቦርከና ማዶ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም። አጎቴ ከውጭ ሲመለስ ይዞት የመጣው፣ ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት ዕቃ ቤት ተቀምጦ የኖረ ብስክሌት ሰሞኑን ሰጥቶኛል። ትሬክ መልቲትራክ የሚባለው ሃይብሪድ (የእሽቅድምድምና የማውንቴን ብስክሌት ቅይጥ) ሲሆን የተሠራው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፍሬሙ ክሮሞሊ ከሚባለው ብረት መሠራቱን የሚገልጽ ምልክት ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ ተለጥፏል። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ አለው። ቀለሙ እዚህም እዚያም ከመፋቁ በቀር ፍሬሙ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን ካቴናው ዝጓል፣ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ የፍሬኑ ጎማ ደርቆ ቀርቷል፣ የኮርቻው ዘንግ ደግሞ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ ብሏል።

ጥያቄዬ ሁለት ክፍል አለው። በአዘቦት ቀን ከቤት ወደ ሥራ የምመላለስበት የኮምቦልቻ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ማንኛውም ብስክሌት ያደርሰኛል፤ በእረፍት ቀን ግን የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ያሉትን ወላጆቼን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ ዓላማ ይህንን ብስክሌት ማደስ ይሻላል ወይስ ጓደኞቼ እንደሚመክሩኝ ባለ ሞላ አዲስ ማውንቴን ብስክሌት መግዛት? ሁለተኛው ደግሞ ከልቤ ማወቅ የምፈልገው ነው። በየአገሩ ሰዎች እነዚህን ብስክሌቶች ከተጣሉበት አንሥተው በብዙ ድካም ሲያድሱና ሲነዱ አያለሁ። የሚስባቸው የወጣትነት ትዝታ ብቻ ነው ወይስ ብስክሌቶቹ ራሳቸው ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አላቸው?

ሞርሳ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ወንድሜ፣ የምትወስነው ፍሬሙን ካየህ በኋላ ይሁን። መሪው ከሚገባበት ቱቦ ጀርባ፣ ከታችኛው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለበት መሆኑን በቀን ብርሃን ተመልከት። ብስክሌት በግንባሩ ከተጋጨ ምልክቱ የሚታየው እዚያ ነው። ቀጥሎ ፔዳሉ የሚዞርበትን ቤት ከሥሩ ገልብጠህ ዝገቱ ውስጥ ዘልቆ እንደሆነ አረጋግጥ። እነዚህ ሁለቱ ንጹሕ ከሆኑ የቀረው ሁሉ የሚፈታና የሚተካ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄህ የእኔ መልስ ይኸው «የሚፈታ» መሆኑ ነው። ዛሬ ርካሽ ተብለው የሚሸጡት ብስክሌቶች ብዙ ክፍላቸው አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ የተዘጋ ስለሆነ ሲበላሽ ከመጣል በቀር መላ የለውም። በዚያ ዘመን የተሠሩት ግን የጎማው መሐል፣ የፔዳሉ ቤትና የመሪው አንገት ሁሉ በጥቂት መፍቻ ተከፍተው፣ ታጥበው፣ ግራሶ ተቀብተው እንዲመለሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የፊቱን ጎማ ፔርኖ ስትፈታ በእያንዳንዱ ወገን ብዙውን ጊዜ 10 ትናንሽ የብረት ኳሶች ታገኛለህ፤ የኋላው ደግሞ በየወገኑ ተለቅ ያሉ 9 ኳሶች አሉት። ኳሶቹን በናፍጣ አጥበህ፣ በጨርቅ አድርቀህ፣ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አዙረህ እያቸው፤ የደበዘዘ ካለ የሁለቱንም ወገን ሙሉ በሙሉ ቀይር፤ ዋጋው ኢምንት ነውና አትቆጥብ። ኳሱ የሚሽከረከርበት ሾጣጣ ብረት ላይ በጥፍርህ ስትዳስሰው የሚያዝህ ጉድጓድ ካለ ግን እሱም መቀየር አለበት። መልሰህ ስትገጥም ፔርኖው ዳር ሳይወዛወዝ፣ በጣትህ ስታዞረውም ሳይጎረብጥህ ያለ ችግር እስኪዞር ድረስ ዳዶውን ጥቂት በጥቂት እያጠበቅህና እያላላህ ታስተካክላለህ። በእጅ የሚታወቅ ልክ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ በትክክል ከተስተካከለ ግን ለረጅም ጊዜ አያስቸግርም።

የኮርቻው ዘንግ የተጣበቀው ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ስለሆነና በመሐላቸው እርጥበት ገብቶ አሉሚኒየሙን ስለበላው ነው። በእሳት ለማላቀቅ የሚሞክር ሰው ብዙ ነው፤ አንተ ግን ተው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ይብሱን ይጠብቃል። ቀለሙም ይቃጠላል። ይልቅስ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከላይም፣ ፍሬሙን ገልብጠህ ከታችም አፍስስና ለተወሰኑ ቀናት ተወው። ከዚያ ኮርቻውን አውጥተህ ዘንጉን በሞርሳ አጥብቀህ ያዝና ፍሬሙን እንደ ትልቅ መፍቻ ተጠቅመህ በቀስታ አዙረው። ዘንጉን በበረዶ ማቀዝቀዝም ይረዳል፤ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይበልጥ ስለሚኮማተር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የግራው ፔዳል የሚታሰርበት የቡሎን ጥርስ ግልብጥ ስለሆነ የሚፈታው በቀኝ አዙሪት ነው። የፔዳሉ ቤትም በቀኝ በኩል ያለው ክዳን እንዲሁ ግልብጥ ነው። ይህ የእንግሊዝ ጥርስ የሚባለው ሲሆን የእንዳንተ ዓይነቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚከተሉት እሱን ነው። የጣልያን ብስክሌቶች ግን የፔዳል ቤታቸው ሁለቱም ክዳን በተለመደው አዙሪት ስለሚፈታ፣ የጣልያን ብቻ የለመደ ባለሙያ ክዳኑን በጉልበት አዙሮ ጥርሱን እንዳይበላው ቀድመህ ንገረው።

የጦሳ አየር (ከደሴ)

እኔ እንደ አንተው ዓይነት ብስክሌት ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስ ስለሆንኩ ስለ መንዳቱ ልናገር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣለህ፤ አብዛኛው ድካምም የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ጉልበትህ ብቻ አይደለም፤ የማርሹ ስፋትም ጭምር ነው።

ሃይብሪድ የሚባለው ብስክሌት የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሆን ሐሳቡ ከእሽቅድምድም ብስክሌት ቀጭኑንና ትልቁን ጎማ፣ ከማውንቴን ብስክሌት ደግሞ ቀጥ ብሎ መቀመጥንና ለዳገት የሚሆነውን ቀላል ማርሽ ወስዶ ማዋሐድ ነበር። የፊትህ ትንሹ ማርሽ 28 ጥርስ፣ የኋላህ ትልቁም 28 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ማለትም በአንድ ዙር 2.2 ሜትር ገደማ ብቻ ትሄዳለህ። ባለ አንድ ማርሹ የተለመደው ከባድ ብስክሌት ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ቢኖረው በአንድ ዙር ከ5 ሜትር በላይ መግፋት አለብህ፤ በሐረጎ ዳገት ይህ ወርዶ መግፋት ማለት ነው። በቀላሉ ማርሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጥ በሰዓት ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ትጓዛለህ። ዝግታው አያሳፍርም፤ ትንፋሽህን ሳትጨርስ፣ ዙሪያውን እያየህ፣ ሳትወርድ ትደርሳለህ። እኔን በዚህ ብስክሌት ያቆየኝ ይህ ነው፤ በዚያው ብስክሌት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስትደርስ ወደ ትልቁ ማርሽ አሻግረህ እንደልብህ ትሮጣለህ።

ስለ ባለ ሞላው ብስክሌት ጓደኞችህ የሚሉህን አከብራለሁ፤ ጥሩ ሞላ ያለው ጥሩ ብስክሌት እንዳለም አውቃለሁ። በርካሹ ላይ የሚገጠመው ሞላ ግን ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ጉልበትህን ወደ ታች እየተጫነ ይበላዋል፣ ጥቂት ከቆየ በኋላም ይደርቃል። ለደሴ ኮብልስቶን 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነፋሱን ትንሽ ቀንሰህ ብትነዳ ይበቃል። ቀጭኑ የክሮሞሊ ቱቦም ከወፍራሙ ተራ ብረት የቀለለ ስለሆነ ብስክሌቱ ደረጃ ላይ ተሸክመህ ለመውጣትም አይከብድህም።

የሒሳብ መምህርት (ከደሴ፣ ሆጤ)

ወንድሞቼ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጠያቂው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር እንዲመረምር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የሕይወት ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ራሱን ስለሆነ፣ በየጊዜው የሚበላው የፍሬኑ ጎማ ብቻ አይደለም፤ የቸርኬው ግድግዳም ይሳሳል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የብረት ማስመሪያ፣ የፍሬኑ ጎማ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አስደግፍና ተመልከት፤ መሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ቸርኬው አርጅቷል። በጣም የሳሳ ቸርኬ የጎማው ነፋስ ግፊት ሲገፋው ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህም ሐረጎን ሲወርዱ የሚደርስ ከሆነ ውጤቱን መናገር አያስፈልግም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የፍላጎት ሳይሆን የሒሳብ ነው። ሁለቱም ቸርኬ፣ ካቴናው፣ የኋላው ማርሽና ሁለቱ ጎማ ሁሉም የሚቀየር ከሆነ የእድሳቱ ወጪ ብስክሌቱን ይበልጠዋል፤ በዚያን ጊዜ በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እየነዱ ደሴ በሚኒባስ መውጣት የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ቸርኬውና ማርሹ ደህና ከሆነ ግን ማደሱ ከአዲስ ርካሽ ብስክሌት ይሻላል፤ በዚህ ከሁላችሁም ጋር እስማማለሁ። ካቴናውን ለመለካትም ሜትር ይበቃል። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሐል ያለው ርዝመት 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። የአንተ 306.4 ደርሶ ከሆነ ካቴናውን ቀይር፤ 308 ካለፈ የኋላው ማርሽም አብሮ ተበልቷል ማለት ነውና አዲስ ካቴና ብቻ ብታስገባ በጥርሱ ላይ እየዘለለ ያስቸግርሃል።

ቦርከና ማዶ (ከኮምቦልቻ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህርት፣ እንዳሉኝ ማስመሪያ አስደግፌ አየሁ፤ ሁለቱም ቸርኬ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው። ካቴናው ግን ከ306.4 አልፏል፤ 308 አልደረሰም። ጋሽ ሞርሳ፣ የኮርቻው ዘንግ ዘይቱ ላይ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ገበያ ውስጥ «28» ተብሎ የቀረበልኝን ጎማ ልግዛ ወይ? ፍሬኑንስ በአዲሱ ዓይነት፣ ቪ ፍሬን በሚሉት፣ ልቀይረው?

ሞርሳ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

«28» የሚለውን ብቻ አይተህ እንዳትገዛ። በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ሁለተኛ ቁጥር ፈልግ። የቸርኬውን ልክ በሚሊ ሜትር የሚነግርህ እሱ ነው። የአንተ 622 ነው፤ ለምሳሌ «38-622» ተብሎ ይጻፋል፤ 700 ሲ የሚባለውም እሱ ነው። የጥንቱ ከባድ ብስክሌት 28 ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ 635 ስለሆነ ለአንተ ቸርኬ ይሰፋል፤ የማውንቴኑ 26 ደግሞ 559 ስለሆነ ከነአካቴው አይገባም። ባለ 29 ኢንች የሚባለው አዲሱ የማውንቴን ጎማ የቸርኬው ልክ ያው 622 ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ብቻ በፍሬምህ መሐል ላያልፍ ይችላል። ስፋቱ ከ40 የማይበልጥ ካገኘህ ምንም ሳትጠራጠር ግዛው።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ቪ ፍሬን ሺማኖ በፈረንጆቹ 1996 ያወጣው ሲሆን ለመያዝ የሚስበው ሽቦ ከአሮጌው እጥፍ ያህል ነው። የአንተ የፍሬን የእጅ መያዣ የተሠራው ሽቦውን በጥቂቱ እንዲስብ ስለሆነ፣ ፍሬኑን ቀይረህ መያዣውን ከተውኸው የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን በደንብ ሳይጨብጥ መያዣው መሪው ላይ ይደርሳል። ከቀየርክ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር። እኔ ግን ያለውን አቆይ እላለሁ፤ አዲስ ሽቦና አዲስ የፍሬን ጎማ አስገብተህ፣ ሁለቱን ክንዶች የምታገናኘውን አጭር ሽቦ ከጎማው በላይ በትንሽ ርቀት ዝቅ አድርገህ ብታስራት ኃይሉ ይጨምራል። ኋላ ያለው ፍሬን ብቻ ቁልቁለቱን አያቆምልህም፤ የፊቱን ይበልጥ አስተካክለው።

የጦሳ አየር (ከደሴ)

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና አይታይም፤ ቸርኬውም እርጥብ ስለሚሆን ፍሬኑ ለመያዝ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ቀን ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ጀምረህ ሁለቱንም ፍሬን ጥቂት ጊዜ እየነካህ ውኃውን አባርር። ይዘህ ከመቆየት ይልቅ ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ውረድ፤ ከባድ መኪና ከኋላህ ሲመጣም ዳር ቆመህ አሳልፈው። ከኋላ ቀይ መብራት ሳታስር አትውጣ።