የጀልባ ጄኔሬተር፦ ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንኩ) ሲሞላ የሚብስበት ለምንድን ነው?

ጀልበኛው (ባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ የጀልባ ጄኔሬተር ነው። መኪና ብቻ የምትሠሩም ብትሆኑ አንብቡልኝ፣ ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው።

ጀልባችን ጣና ላይ ነው የምትሠራው። በአዘቦት ቀን ቱሪስት ይዘን ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንመላለሳለን። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ናቸው። ከወለሉ ሥር ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ጄኔሬተር አለ፤ 8 ኪሎዋት፣ በደቂቃ 1500 ዙር። ፍሪጁን፣ መብራቱንና የዲጄውን ዕቃ የሚሸከመው እሱ ነው።

ሲነሳ አንደኛ ነው። 25 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። አምፖሉም አብሮት ይፈዛል፣ ይደምቃል። ቮልቴጁ 190 ይወርድና ተመልሶ 235 ይደርሳል። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ያቃስታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ባለፈው ቅዳሜ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላዋውን እንደያዙ ጠፋ። ዲጄው ያየኝ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሁለቱንም የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) ፈትቼ ፖምፒስታ፣ ማለትም የናፍጣ ፖምፓ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ነበር፤ "ምንም አልሆኑም" አለና ሒሳቡን ተቀበለ። የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው። ጭስም የለውም ማለት ይቻላል። ጠፍቶ አንድ ሰዓት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል።

ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር አለ። 60 ሊትሩን ሰልባትዮ ጢም አድርጌ ሞልቼ ስወጣ ይብስበታል። ግማሽ ሲሆን ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይሠራል። ሲጠግብ የሚያምፅ ሞተር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ናፍጣ ብቻ (አዲስ አበባ)

የናፍጣ ፖምፓው ነው ወንድሜ። ዙሩን የሚቆጣጠረው ገቨርነሩ አልቋል። አትድከም፣ አውርደው።

ከሃይፋ

ቆይ፣ ፖምፓ ለማውረድ አትቸኩሉ። እኔ እዚህ የምሠራው የጀልባ ሞተር ነው። ጣና ሲባል መጀመሪያ የታየኝ እንቦጩ ነበር። ከሐይቁ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው ቧንቧ በቅጠልና በሥር ከተደፈነ ሞተሩ ይግላል። አንተ ግን ሙቀቱ ልክ ነው ብለሃል፣ ስለዚህ እሱ አይደለም። ማጣሪያውን ግን በየጊዜው እያወጣህ እጠበው።

ከፍታውም አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ ከሌለው የተጻፈበትን 8 ኪሎዋት እዚያ አታገኘውም፤ 6.5 አካባቢ ቁጠር። ይሄ ግን ቢሆን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ነበር የሚያቅተው፣ ጥቁር ጭስም ያወጣ ነበር።

አሁን እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሲጠፋብህ እንዴት ነው የምታስነሳው? ስታርተሩን ይዘህ ታዞራለህ አይደል? ይሄ የመኪና ሞተር አይደለም። ስታዞር የውሃ ፖምፓውም አብሮ ይዞራል፣ የሐይቁን ውሃ ወደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይገፋል። ሞተሩ ስላልተነሳ ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ የለም። ማርሚታው ይሞላና ውሃው ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ደህና ሞተር ሲሞት አይቻለሁ። አልነሳ ካለህ የውሃ ማስገቢያውን ዝጋና አዙር። ልክ እንደተነሳ ክፈት፤ ከረሳኸው የፖምፓው የጎማ ክንፍ በደረቁ ዞሮ ይበጣጠሳል።

የምፅዋው

ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። "ሲሞላ ይብስበታል" ያልከው ነው።

ናፍጣው ቆሻሻ ወይም ውሃ ቢኖርበት፣ ሰልባትዮው ሲጎድል ነበር የሚብሰው። ያንተ ተገላቢጦሽ ነው። ከሰልባትዮው ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው ተደፍኖ አየር ካልገባ፣ ያለው ትንሽ አየር ይሳሳና ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ጢም ብሎ ሲሞላ ከላይ ያለው አየር ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ይታፈናል። ግማሽ ሲሆን አየሩ ብዙ ነው፣ ይታገሣል። ሲያርፍ የሚድነው ደግሞ አየር በክዳኑ ጥግ ቀስ እያለ ስለሚገባ ነው።

ድሮ ባሕር ኃይል ሳለሁ ምፅዋ ሞተር ክፍል ነበርኩ። የምፅዋን ሐምሌ ከመርከብ ወለል በታች ያላሳለፈ ሰው ሙቀት አየሁ አይበል። እዚያ የተማርኩት፣ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ክዳን መክፈት ነው።

እንዲህ አድርግ። ሞልተህ ውጣ። ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ሞተሩን ሳታጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈት። ከተስተካከለ አገኘኸው። ካልተስተካከለ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጄሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። የሚስበውንም የሚመልሰውንም ቱቦ እዚያው ክተትና አስነሳው። በጄሪካን ደህና ከሠራ ጣጣው ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ቱቦ ሾልኮ አየር እየሳበም ሊሆን ይችላል። ፖምፓውን እንዳትነካ።

ጀልበኛው

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ!

ዛሬ ጠዋት ሰው ሳልጭን ሞልቼ ወጣሁ። ክብራን ገብርኤልን እንዳለፍኩ፣ በ27ኛው ደቂቃ ጀመረው። ወርጄ በባትሪ ሳየው የፕላስቲኩ ሰልባትዮ ጎንና ጎኑ እንደ ጦመኛ ጉንጭ ገብቷል። ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም! ክዳኑን ስፈታው "ፍስስስ" አለ፣ ከዚያ ጎኑ "ዷ" ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ክዳኑን ከእጄ ሳላስቀምጥ አምፖሉ ረጋ።

መተንፈሻው በቀኝ በኩል ከውጭ፣ ከባንዲራው መስቀያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም፣ ወንፊት አለው። የለውም ማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም ለጥምቀት ጀልባዋን ሰማያዊ ስናስቀባ አብሮ ተቀብቷል። ያውም ሦስት ጊዜ ተደራርቦ። በምስማር ስጎረጉረው ቀለሙ እንደ ቆዳ ተልጦ ወጣ። አዎ፣ ችግሩም የጀመረው ከጥር ወዲህ ነው፣ አሁን ሳስበው።

ከዚያ ፍሪጁንም ሙዚቃውንም ከፍቼ ሦስት ሰዓት ነዳሁት። ቮልቴጁ 220 ላይ ቆሟል። ቀቢው የባለቤቴ ወንድም ስለሆነ ነገሩን ዋጥ አድርጌዋለሁ።

ከሃይፋ፣ ስታርተሩን በተመለከተ ልክ ነህ፤ እስከ አንድ ደቂቃ ይዤ አዞር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እዘጋለሁ።

ከሃይፋ

የሞተር ዘይቱን አውጥተህ እየው። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ እንዳታስነሳው።

ጀልበኛው

አሁኑኑ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ተመስገን።

የምፅዋው

ወንፊቱን በአዲስ ቀይረው፣ ባዶውን ከተውከው ተርብ ቤት ይሠራበታል። ለመሆኑ ፖምፒስታው ስንት ተቀበለህ?

ጀልበኛው

ጋሼ፣ እሱን እንኳ ይተዉት።

ናፍጣ ብቻ

እኔ አሁንም ፖምፓውን ባየው ደስ ይለኛል።