ባልና ሚስት ተኮራርፈው ሲያድሩ ማን ቀድሞ ይናገር?

ወለተ ሰንበት፦
ሰላመ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። ጥያቄዬ ስለ ኩርፊያ ነው። በብዙ ክርስቲያን ቤት ጠቡ በአንድ ማታ ያልቅና ዝምታው ሳምንት ይዘልቃል። ምግብ ይቀርባል፣ ቃል ግን የለም፤ «ለአባትህ ንገረው» እየተባለ ልጅ ይላካል። በዚህ መካከል የቁርባን ቀን ይደርሳል። ቀድሞ መናገር ያለበት በዳዩ ነው ወይስ ተበዳዩ? ምንስ ይበል? «ታገሡ» ከሚለው ያለፈ ምክር እሻለሁ።

ዘሚካኤል፦
እኅቴ፣ ወንጌሉ ሁለቱንም ነው የሚያስነሣው። ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ መባውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው፣ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው ትዝ ያለው ሰው ነው፤ በዳዩ ማለት ነው። 18፥15 ላይ ደግሞ «ወንድምህም ቢበድልህ» ብሎ የሚልከው ተበዳዩን ነው። እንግዲህ «እሱ ይምጣ» ብሎ መቀመጥ ለማንም አልተፈቀደም።

ጊዜውን ኤፌሶን 4፥26 ቆርጦታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ይህ ግን ጉዳዩ ሁሉ በዚያች ማታ ይለቅ ማለት አይደለም። ደክሟችሁ በእኩለ ሌሊት ክርክር ከከፈታችሁ ሌላ ጠብ ይወለዳል። ለማታው «ተናድጃለሁ፣ ፍቅሬ ግን አልተለወጠም፤ ነገ 1 ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲተኙ እንነጋገር» ማለት ይበቃል። ሰዓቱ ይቆረጥ፤ «ሌላ ጊዜ» የተባለ ንግግር ሳይመጣ ይቀራል።

ብርሃነ፦
ይቅርታው ላይ ልጨምር፤ ብዙ ዕርቅ የሚበላሸው እዚያ ነውና። «አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» ይቅርታ አይባልም፤ «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ጥፋቱን ከባል ሥራ አንሥታ ሚስት ስሜት ላይ ትጥለዋለች። «ይቅርታ፣ ግን አንቺም...» ደግሞ ክስ ነው። ጥፋቱን በስሙ ጥሩት፦ «በእናትሽ ፊት የገንዘባችንን ነገር አንሥቼ አሳፈርሁሽ»። ቀጥሎ ምን እንደሚለወጥ ተናገሩ፦ «ከእንግዲህ የቤታችን ሒሳብ ከሁለታችን አይወጣም»። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንድትል አታጣድፏት። ይቅር ያለም ሰው በሚቀጥለው ጠብ የአምናውን አያንሣ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 «በደልን አይቆጥርም» ሲል ይኸንኑ ነው።

አንዱ አረብ አገር ሆኖ የሚጣሉ ባለትዳሮች ደግሞ በጽሑፍ አይጨቃጨቁ፤ ድምፁ ያልተሰማ ቃል ከታሰበው በላይ ይከብዳል። ይደዋወሉ። ብሎክ ማድረግም ያው ኩርፊያ ነው።

ወለተ ሰንበት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አልሰማም ካለስ? ሽማግሌ መቼ ይጠራ?

ዘሚካኤል፦
ብቻ ለብቻ ከተነጋገራችሁ በኋላ ነው። ማቴዎስ 18፥16 «አንድ ወይም ሁለት» ይላል፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ይሰብሰብ አላለም። መጀመሪያ የንስሐ አባት፣ ያውም ሁለታችሁንም የሚሰሙ፤ ካስፈለገ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሚዜ። እናትና እኅት ባይገቡ እመርጣለሁ፤ ባልና ሚስት ከታረቁ በኋላ የእናት ልብ ቂሙን ይዞ ይቀራል። ቁርባኑን በተመለከተ ለንስሐ አባታችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩ፣ እሑድ ጠዋት ደጀ ሰላም ላይ አይሁን። በቅዳሴ ዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ» ሲል አጠገብ ለቆመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የተኮረፈውንም ይጨምራል።

ብርሃነ፦
እዚህ የተባለው ሁሉ ለኩርፊያ መሆኑ ይሰመርበት። ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ «ብቻችሁን ሆናችሁ» የሚለውን አትሞክሩ። መጀመሪያ ደኅና ቦታ መድረስ፣ ጉዳት ካለ ሐኪም፣ ከዚያ ፖሊስ። ቆላስይስ 3፥19 ባልን «መራራ አትሁን» እያለ መምታትን በዕርቅ ስም ማድበስበስ ከየት ይመጣል? ሽማግሌዎችም «ለልጆችሽ ስትይ» ብለው በዚያው ቀን አይመልሷት።