የክሊፕ ቦታዎቻችን ጉብኝት፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የጀመርነውን ሐሳብ እዚህ እንጨርሰው። በድሬዳዋና በሐረር የሙዚቃ ክሊፕ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች የሚያስጎበኝ ፕሮግራም በማኅበራችን ስም ለቱሪዝም ቢሮ እናስገባለን። መነሻው ይኸው፦ ጠዋት የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር፣ ቀጥሎ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ከሰዓት ሐረር ጀጎል። ጨምሩ፣ ቀንሱ።

የመጋላ ልጅ፦
አቦ፣ ከዚራ ብቻ? ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለነውስ? ክሊፕ ሠሪ ሁሉ ወደ ከዚራ ጥላ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ዛፉም መንገዱም ለካሜራ ያምራል። ግን ቀፊራ ገበያም ቅስቶቹ አሉለት። ደግሞ ዘፋኙ አሊ ቢራ የተወለደው እዚሁ ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው። አፍራን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን እዚሁ ድሬ ሲመሠረት ልጆቹ በየሠርጉ ነበር የሚጫወቱት። ያኔ ክሊፕ የሚባል ነገር የለም። ካሜራ የቆመበትን ብቻ ከተከተልን እነሱ ሊቀሩ ነው። ወላሂ ይህን አልፈርምም!

ጊታር አስተማሪው፦
እውነቱን ነው። እኔ የሮክ ሰው ስለሆንኩ ከዚያ ምሳሌ ላምጣ። ቢትልስ የሊቨርፑል ልጆች ናቸው። አድናቂ ዛሬም ፔኒ ሌን የሚባለውን መንገድ ለማየት ሊቨርፑል ይሄዳል። በመንገዱ ስም የተሰየመው የዘፈናቸው ፊልም በፈረንጆቹ 1967 ሲሠራ ግን አራቱ የሚታዩበት ክፍል የተቀረጸው ለንደን ስትራትፎርድ ውስጥና ኬንት ያለ አንድ መናፈሻ ላይ ነው። የሊቨርፑሉን መንገድ የቀረጹት እነሱ በሌሉበት ነው። ሰው ግን የሚሄደው ዘፈኑ ወደሚያነሳው ሰፈር ነው። ስለዚህ የእኛም አስጎብኚ ሁለቱን ለይቶ ይንገር። ይህ የተቀረጸበት ነው፣ ያ ደግሞ ዘፋኙ ያደገበት ወይም የተዘፈነለት ሰፈር ነው ይበል። እንዲህ ከሆነ ገንደ ቆሬ ያለ ምንም ክሊፕ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፔኒ ሌንን የመንገድ ምልክት አድናቂዎች እየነቀሉ ሲያስቸግሩ ስሙን ግድግዳ ላይ ቀለም ቀብተው ጻፉት። እኛም ምልክት ካሰብን ከመጀመሪያው በቀለም ይሁን፤ የቤቱ ባለቤት ከፈቀደ ብቻ።

ካሜራ ባለሙያው፦
ቦታ በወሬ አንመዝግብ። ክሊፑን አቁሙና የበረንዳውን ብረት፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ ከጀርባ ያለውን ተራራ ተመልከቱ። ከዚያ እዚያው ሄዳችሁ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ካልገጠመ አይገባም። ከዚራ ውስጥ የሚመሳሰሉ አጥሮች ብዙ ስለሆኑ በቀላሉ ያሳስታሉ። ጥላውም ይጠቅማል፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት የተቀረጸው ይለያል። ባቡር ጣቢያው ግን አያከራክርም። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፣ ከተማዋም በእሱ ነው የተቆረቆረችው። ወደ ግቢው ለመግባት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ደብዳቤው ቀድሞ ይጻፍ።

የሐረር አባል፦
ስለ ጀጎል እኔ ልናገር። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በፈረንጆቹ 2006 ነው፣ ግን ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ማኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹ እንጀራቸውን እየሠሩ ነው። በቅርቡ አንድ ቀረጻ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ እናቶች ዕቃ ተሸክመው ቆመው ቀሩ። በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አይግባ። የሰው ቤት ከታየ ለባለቤቷ ይከፈላት። ዓርብም አይሁን፣ ጁምዓ ነው። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሁሉ የክሊፕ ዳራ ነው ብሎ የሚያስብ ጎብኚ መጀመሪያ ይህን ይስማ።

ሒሳብ ያዥ፦
ድሬና ሐረርን በአንድ ቀን ማጨቅ አይሆንም። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን የደንገጎ ዳገት አለ። ከአምስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ድሬ ላይ ማን በእግሩ ይሄዳል? ቅዳሜ ድሬ፣ እሁድ ሐረር ይሁን። ድሬ ላይ ጠዋት በእግር፣ ፀሐይ ሲከር በባጃጅ።

አንጋፋው አባል፦
ልጆቼ፣ ደቻቱን እርሱት እንዳትሉ። ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ክሊፕ የሠሩ አሉ፣ ይግባ። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው በልቷል። ቤተሰባቸውን ያጡ ሰዎች ዛሬም እዚሁ አብረውን ይኖራሉ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ድምፅ ማጉያ ይዘጋ። አስጎብኚው መጀመሪያ ያን ሌሊት ይናገር፣ ስለ ክሊፑ ከዚያ በኋላ። በክረምት ደግሞ ማንም ወደ አሸዋው እንዳይወርድ።

የመጋላ ልጅ፦
ጋሼ ልክ ብለሃል። ይህ በደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተስማማንበትን ልጻፍ። ጉብኝቱ ሁለት ቀን ይሆናል፣ በጥቅምት መጨረሻ። ክረምቱ ያለፈበት፣ ሙቀቱም የሚበርድበት ጊዜ ነው። አሊ ቢራም ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለሆነ መታሰቢያውን እናስባለን። ቅዳሜ ከገንደ ቆሬ እንጀምርና በቀፊራና በደቻቱ አድርገን ከዚራና ባቡር ጣቢያው ላይ እንጨርሳለን። እሁድ ጀጎል፣ የሐረር አባላችን ባሉት ሁኔታ። በካሜራ ባለሙያው መንገድ ያልተረጋገጠ ቦታ ክሊፕ የተቀረጸበት ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ከገቢው የተወሰነው ለሰፈሮቹ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ መጠኑን ሒሳብ ያዥ ያቅርብልን። የመጋላ ልጅ በአፍራን ቀሎ ዘመን የነበሩ ሽማግሌዎችን አነጋግር፣ ግን ሳይፈቅዱ አትቅረጽ። የቀረ ነገር ያለው እስከ ረቡዕ ማታ ይጻፍ፣ ሐሙስ ደብዳቤው ይገባል።