ጥቆማ፦ ካነኑ 5ቢ00 ብሎ ቆመ፣ ኔትወርኩ 11ቢ ይላል፤ የት ልውሰደው?

ኮፒ ቤት ስድስት ኪሎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ስለሆነ ተማሪው በር ላይ ተሰልፏል፣ እኔ ጭንቅ ላይ ነኝ። ካነን ጂ 3411 ፕሪንተሬ 5ቢ00 ብሎ ቀጥ አለ፤ አጥፍቼ ባበራውም ያው ነው። ከሁለተኛው ኮምፒውተር ወደ ሌዘር ፕሪንተሬ ፋይል ስልክ ደግሞ መጨረሻው 11ቢ የሆነ ረጅም ቁጥር ያወጣል። አንድ ቤት ወስጄው ነበር፣ ሳይከፍቱት "የፕሪንተሩ ሄድ (ቀለም የሚረጨው ክፍል) ተቃጥሏል፣ 4,500 ብር" አሉኝ። እስከ መጨረሻዋ ገጽ ግን ጥርት አድርጎ ነበር የሚያትመው። ሐቀኛ ጥገና ቤት የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የመርካቶ ልጅ፦ ወንድሜ አትድከም፣ መርካቶ ውሰደው። እኔ የማሠራበት ልጅ አለ፣ 8 ዓመት ደንበኛው ነኝ። ሳይፈታው በድምፁ ነው የሚያውቀው። አድራሻውን በውስጥ እልክልሃለሁ።

ባለ ኤችፒ፦ እኔም ልጠይቅ እንጂ። የኔ ሌዘር "50" የሚል የፊውዘር (ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ስህተት እያመጣ ይቆማል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ ይብሳል። እሱ ልጅ ይሠራል?

ሽቦ አልባ፦ በድምፁ የሚያውቅ ከሆነማ ምን አለፋን፣ ስልክ ደውለን ፕሪንተሩን እናሰማው።

ራሜን መልሱ፦ ማንንም አትመኑ! እኔ ላፕቶፔን ለኪቦርድ ሰጥቼ፣ 8 ጊጋ የነበረው ራም (ሚሞሪው) 4 ሆኖ ተመለሰልኝ። ያወቅኩት ከ2 ሳምንት በኋላ ነው፣ ለምን ተንቀራፈፈ ብዬ። ብሄድ "ሲመጣም 4 ነበር" አሉኝ። ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ።

ቦሌ 22፦ የቱ ቤት ነው? ስም ጥራ እንጂ፣ ሌላው እንዲጠነቀቅ።

ራሜን መልሱ፦ ስም አልጠራም፣ ማስረጃ የለኝም። የማውቀው ራሜን ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ እኔ የምለው ልጅ እንዲህ አያደርግም። እናቱንም አውቃታለሁ።

ሽቦ አልባ፦ እናቱ ራም ቆጥራ ነው የምትቀበለው?

ቦሌ 22፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የሚመጣው መስኮት ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱና የሚሞሪውን መጠን በስልክ አንሱት። የሃርድ ዲስኩንም ሞዴል ጨምሩ። ከዚያ "እንዲህ ሆኖ ገባ" ብለው እንዲፈርሙላችሁ አድርጉ። የማይፈርም ቤት ሲያጋጥማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጋሽ ታይፕ፦ ልጆች፣ በኦሊቬቲ ታይፕ ዘመን 5ቢ የሚባል ነገር አልነበረም። ሪባኑ ሲያልቅ ይቀየራል፣ አለቀ። ፒያሳ ታይፕ የሚጠግን አንድ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጎደለችን ፊደል በእጁ ሞርዶ ይተክል ነበር።

ኮፒ ቤት ስድስት ኪሎ፦ ጋሼ እርስዎ ይባረኩ፣ ተማሪዎቹ ግን በቀለም ነው የሚፈልጉት 😅 የመርካቶ ልጅ፣ "ወንድሜ" ያልከኝ እህትህ ነኝ።

አድሚን ነበርኩ፦ እህቴ፣ 5ቢ00 ከሄዱ ጋር አይገናኝም። ፕሪንተሩ ሄዱን ባጸዳ ቁጥር የሚተፋው ቀለም ከታች ያለ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ስፖንጁን አያየውም፣ ምን ያህል እንደተፋ ብቻ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላ ይቆልፋል። መፍትሔው ስፖንጁን አጥቦ ማድረቅ ወይም መቀየር፣ ከዚያ ቆጣሪውን በሰርቪስ ፕሮግራም ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ቆጣሪውን ብቻ መልሶ ስፖንጁን ያልነካ ባለሙያ ካጋጠመሽ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠረጴዛሽ ላይ ጥቁር ኩሬ ታገኛለሽ። ፕሮግራሙን ከቴሌግራም አውርጄ ራሴ እሞክራለሁ ካልሽ የደንበኛ ፋይል ባለበት ኮምፒውተር ላይ አትክፈቺው፤ ቫይረስ ተሸክሞ የሚመጣው ብዙ ነው። ሌላ ፕሪንተር መግዛትሽ ካልቀረ፣ እንደ ጂ 3420 ያሉት አዳዲሶቹ የተረፈው ቀለም የሚጠራቀምበትን ሣጥን ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል።

11ቢ ደግሞ በፈረንጆቹ መስከረም 2021 የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት ያመጣው ጣጣ ነው። ሼር በተደረገ ፕሪንተር (አንዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሌሎቹም በሚያትሙበት) ላይ ጥበቃውን አጠበቀ፤ አንዱ ኮምፒውተር አፕዴት ሆኖ ሌላው ካልሆነ አይግባቡም። መጀመሪያ ሁለቱንም አፕዴት አድርጊ። ብዙ ሰው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያ) ገብቶ ጥበቃውን ያጠፋዋል፣ ይሠራል፣ ግን በርን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ሌዘርሽ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው እሱ ይሻላል፤ በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰክተሽ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በአይፒ (በኔትወርክ አድራሻው) ያግኘው። ሼሩን ትገላገይዋለሽ።

ባለ ኤችፒ፣ ሌዘሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ወይም ዲቫይደር ላይ ሰክተኸው ከሆነ ንቀልና ግድግዳው ላይ ሰካ። ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከባድ ነው፤ መብራቱ ሲደክም በጊዜው አይሞቅም፣ 50 ይላል። ያ ካልፈታው ብቻ ጥገና ቤት ውሰደው።

ባለ ኤችፒ፦ ዩፒኤስ ላይ ነበር። ለጥንቃቄ ብዬ!

የሐዋሳ ሰው፦ የኔ ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ቀኑ 2009 ይላል፣ የመሥሪያ ቤቱ አካውንትም አያስገባኝም።

ሽቦ አልባ፦ በኛ አቆጣጠር ብዙም አልራቀ።

አድሚን ነበርኩ፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፣ ሰዓት ቤትም አትጠፋም። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር የኮምፒውተርህ ሰዓት ከሱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ አብዛኛውን ጊዜ አያስገባህም።

ኮፒ ቤት ስድስት ኪሎ፦ ሌዘሩ የገመድ መሰኪያ የለውም። ሁለቱንም አፕዴት አደረግኩ፣ 11ቢ ጠፋ፤ አሁን ደግሞ ስምና ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ኮምፒውተሩን የምከፍትበትን 4 ቁጥር ሳስገባ ስህተት ነው ይለኛል። ቁጥሩ እኮ ትክክል ነው!

አድሚን ነበርኩ፦ እሱ ፒን ነው፣ ያንኑ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚከፍት። በኔትወርክ የሚሠራው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው። ከረሳሽው፣ ፕሪንተሩ የተሰካበት ኮምፒውተር ላይ "ኅትመት" የሚባል አዲስ ዩዘር ፍጠሪ፣ ፓስወርድ ስጪው፣ በሱ ግቢ።

ራሜን መልሱ፦ ፓስወርዱን ለጥገና ቤት እንዳትሰጪ ብቻ።

ኮፒ ቤት ስድስት ኪሎ፦ ታተመ!! እግዜር ይስጥልኝ። በዚያውም 80 ግራም ኤ4 ወረቀት በካርቶን በጥሩ ዋጋ የት እንዳለ የምታውቁ?

ቦሌ 22፦ ካነኑስ? የት ወሰድሽው?

ቦሌ 22፦ ሳምንት ሆነ እኮ። ምን ወሰንሽ?

የመርካቶ ልጅ፦ ዝም ካለች ልጁ ጋ ወስዳዋለች ማለት ነው። ብዬ ነበር።