ቱሉ ዲምቱን በእግር ስንወጣ ቀይ ቀበሮ የምናየው የትና በስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውን የሳነቴን አምባ በእግር አቋርጠን፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ለመድረስ አስበናል። ዋናው ጉጉታችን ግን ቀይ ቀበሮ ማየት ነው። ባለፈው ዓመት ከጎባ በመኪና ወጥተን ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት ሜዳውን ብንቃኝም፣ ብርዱ ስለበረታብን ምንም ሳናይ ተመለስን። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦
አደኑ ሊጀመር ሲል ነው የተመለሳችሁት። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም የሚያድነው ለብቻው፣ ያውም በቀን ነው፤ አይጦቹና ፍልፈሎቹ ደግሞ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ እምብዛም አይወጡም። ስለዚህ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ክምር በሚበዛበት ሜዳ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ ሣሩን በጥርሱ እየነጨ ወዲያው ይመለሳል። ብዙ ጊዜም አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከአጠገቡ አትጠፋም፤ እኔ ፍልፈሉን የማገኘው እሷን ተከትዬ ነው። ቀበሮው በሆዱ እየተሳበ ይጠጋና ፍልፈሉ ቀና ሲል ባለበት ደርቆ ይቀራል፤ በዚያች ቅጽበት ካሜራ ለማውጣት የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉንም ያበላሻል።

መልስ 2፦
በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በቀጥታ ሳነቴ ላይ ከማደር ይልቅ መጀመሪያ ከሳነቴ ዝቅ ብላ በምትገኘው ከተማ በዲንሾ ብታድሩ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይለምዳል፤ የደጋ አጋዘንንም በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለ ብዙ ድካም ታያላችሁ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ታች መውረድ እንጂ እልህ አያስፈልግም። ጥር ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጫፉ ራሱ መኪና የሚወጣበትና የመገናኛ ማማ የቆመበት ስለሆነ እንደ ሜዳው አያጓጓም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

መልስ 3፦
ከመንደር የሚከተላችሁ ውሻ ካለ ከመውጣታችሁ በፊት አስመልሱት። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያው ፓርክ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ500 ገደማ አይበልጡም። የምግብ ትራፊም ሜዳ ላይ አትተዉ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እናድራለን፤ ሳነቴ ላይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንቆያለን።