ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ጨረራ፦ የታይፔ ሴቶች የጡት ምርመራ በስንት ዓመታቸው ይጀመር?

እናት ዓለም፦
የዛሬውን ጉዳይ ከታይዋን ነው ያመጣሁት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1982 እስከ 1984 በዋና ከተማዋ ታይፔና አካባቢዋ በተሠሩ ሕንፃዎች ውስጥ ኮባልት-60 የሚባል ጨረራ አመንጪ ብረት ያለበት ፌሮ ገባ። የጨረራ ምንጩ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አብሮ ቀልጦ ነው። ወደ 180 ሕንፃዎች፣ ወደ 10 ሺህ ሰው። ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናትም አሉበት። በ1985 አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ጨረራው ታውቆ ነበር። ነዋሪው ግን አልተነገረውም። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ1992 ነው። እስከዚያ ድረስ እናቶች ልጆቻቸውን እዚያ ግድግዳ ሥር አስተኝተዋል።

በ2017 የታተመው የ30 ዓመት ክትትል 6,242 ሰዎችን አይቷል። የወሰዱት የጨረራ መጠን በጨመረ ቁጥር የጡት ካንሰርና የደም ካንሰር ዕድልም አብሮ ይጨምራል ይላል። አቋሜን ልናገር፦ እዚያ ያደጉ ሴቶች ከሌላው ቀድሞ የሚጀምር፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ የጡት ምርመራ በመንግሥት ወጪ ይገባቸዋል። የታይዋን የነፃ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ለዓመታት ከ45 እስከ 69 ዕድሜ ላሉት ነበር። በ3 ዓመቷ እዚያ ቤት የገባች ልጅ 45 እስኪሞላት በምን ምክንያት ትጠብቃለች?

ቁጥር ወዳድ፦
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ቁጥሩን ሳናይ አንፍረድ። ያ ጥናት ለጡት ካንሰር ያገኘው ጭማሪ በየ100 ሚሊሲቨርቱ 11 በመቶ ነው፤ ሚሊሲቨርት ሰውነት የወሰደው ጨረራ መለኪያ ነው። ከመቶ ሴት 11ዷ ትታመማለች ማለት አይደለም። ያለ ጨረራ 10 ሴቶች ይታመሙ ከነበረ፣ 11 ይሆናሉ ማለት ነው። የነዋሪዎቹ አማካይ ደግሞ 48 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ሁላችንም ከአፈር፣ ከአየርና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት እንወስዳለን። በ20 ዓመት ያው 48 ይሞላል።

ደግሞ በ2006 የወጣው፣ 7,271 ነዋሪዎችን ያየው ጥናት አለ። እዚያ ላይ ጠቅላላው የካንሰር ቁጥር ከአገሩ አማካይ በታች ነው። የ2004ቱማ በካንሰር የሞተው ሰው ከሚጠበቀው 3 በመቶው ብቻ ነው ብሎ ነበር።

የሰፈር ሐኪም፦
የ2004ቱን ተወው ወንድሜ። ዕድሜን ከስሌት አላስገባም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶችና ተማሪዎች ነበሩ። የወጣቶችን ሞት ሽማግሌ ካለበት ሕዝብ ሞት ጋር አስተያይቶ «ጨረራ ካንሰር ይከላከላል» ማለት አይሆንም። በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው።

የ2006ቱ ግን መልስ የሚፈልግ ነጥብ ነው። አዲስ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው በኑሮውም በሕክምናውም ከአገሩ አማካይ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የ2017ቱን የምቀበለው ለዚህ ነው። ነዋሪውን ከውጭ ሰው ጋር ሳይሆን ከነዋሪው ጋር፣ ብዙ የወሰደውን ጥቂት ከወሰደው ጋር ነው ያስተያየው። ጭማሪው የታየው እዚያ ነው።

የጡት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከተረፉት ሴቶች የጡት ካንሰር ዕድላቸው ይበልጥ የጨመረው በልጅነትና በጉርምስና የተጋለጡት ናቸው። በካናዳና በማሳቹሴትስ የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ሳንባቸው በአየር እየተጨመቀ ሲታከሙ ደጋግመው በፍሎሮስኮፒ (ውስጥን በቀጥታ በሚያሳይ ራጅ) ይታዩ ነበር። የአንዱ ቀን መጠን ትንሽ ነው። ዓመታት ሲደመር ግን የጡት ካንሰሩ ከፍ አለ።

ቁጥር ወዳድ፦
ዶክተር፣ የነዚያ ታማሚዎች ድምር ከታይፔው አማካይ እኮ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እሱን ይዘው እዚህ ማምጣት ልክ አይመስለኝም። ደግሞ ምርመራም ዋጋ አለው። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራፊ ብዙ ያልፈዋል። የሌለ ነገር አለ ተብላ፣ ናሙና ተወስዶላት፣ ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ የምታጣውን ሴት ማን ቆጠራት?

የራጅ ክፍሏ፦
እኔ አገር ቤት ራጅ አንሺ ነኝ። የእርሳሱን ሽርጥ ለብሼ ነው የምውለው። ደረቴ ላይ ያለችው የጨረራ መለኪያ ባጅ በየጊዜው ለንባብ ትላካለች። ውጤቷ ግን ዞሮ አይደርሰኝም። የባለሙያ ጣሪያ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት እንደሆነ አውቃለሁ። የራሴን ግን አላውቀውም። ስለዚህ የታይፔዎቹን ሴቶች ሳስብ ከሁሉ የሚከነክነኝ የ1985ቱ ዝምታ ነው። ያኔ ቢነገራቸው ሰባት ዓመት ያተርፉ ነበር። ኮባልት-60 በግማሽ የሚቀንሰው በ5 ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው የከበዱት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ይህን ያነበበች ሴት «ማሞግራፊም ጨረራ ነው» ብላ እንዳትቀር። አንዱ ምርመራ 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ በሁለት ወር ከተፈጥሮ የምንወስደውን ያህል። እኛ አገር ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው። ብዙዎቹ የሚመጡት እብጠቱ ከቆሰለ በኋላ ነው። እጄ ላይ ያየሁት ነው።

የሰፈር ሐኪም፦
ልክ ነሽ እህቴ። ለወጣቶቹም ጨረራ የሌለባቸው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚያነሳ) እና አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ የሚያነሳ) አሉ። በልጅነታቸው ደረታቸው ላይ የጨረር ሕክምና ለወሰዱ ሴቶች በ25 ዓመታቸው ኤምአርአይ እንዲጀመር ይመከራል። መጠኑ የትየለሌ እንደሚለያይ አውቃለሁ፤ ታይፔም በ25 ይጀመር አላልኩም። ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ያለፈ ተጋላጭነትን አይቶ መወሰን የተለመደ አሠራር መሆኑን ለማሳየት ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
እንግዲያው ወሰን ይበጅለት። ከ100 ሚሊሲቨርት በላይ ለወሰዱት በ35 ይጀመር፣ መንግሥት ይክፈል። ከዚያ በታች ያሉት እንደ ማንኛዋም ሴት ይታዩ። ከዚህ አላልፍም።

እናት ዓለም፦
በ35ቱ እስማማለሁ። በ100 ወሰን ግን አልስማማም። የእያንዳንዷ መጠን የተሰላው ጨረራው ከታወቀ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። የትኛው ክፍል ውስጥ በቀን ስንት ሰዓት ትውሉ ነበር ተብለው ተጠይቀው። ከዐሥር ዓመት በፊት የልጅሽ አልጋ ከምሰሶው በስንት ክንድ ይርቅ ነበር ብትባል የትኛዋ እናት በልበ ሙሉነት ትመልሳለች? አልጋው ግማሽ ሜትር ሲጠጋ መጠኑ ይለወጣል። 95 ተብላ የተመዘገበችው 110 ልትሆን ትችላለች። በልጅነታቸው እዚያ የኖሩት ሁሉ ይካተቱ።